የጉድጓዱ ክዳን ፍለጋ

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት የትምህርት ቤቱን ዴስኮች ልኬት ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ልኬቱ አለ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ነው፤ ልጃችን ደውላለች።

የልጅ ልጃችን የማሙሽ ደረት እንደገና ሲር ሲር ማለት ጀምሯል። ቤታቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ሹፌሮቹ ሞተር ሳያጠፉ ቁርሳቸውን ይበላሉ፣ ጭሱ በመስኮት ይገባል። ሐኪሙ፣ "ለልጁ መድኃኒት አለኝ፣ ለመንገዱ ግን የለኝም፤ ዝናቡ እስኪገባ ከዚያ አውጪው" ብሏታል። ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ወደ እኛ ትመጣለች። ከነልጇ። ሦስት ወር ሙሉ!

ደስታዬን ሳልጨርስ፣ "ግን አባዬ፣ እማዬ ግቢው ይሸታል ብላኛለች። ጉድጓዱ ሳይመጠጥ አልመጣም" አለች።

ዞር ብዬ ባለቤቴን አየኋት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም።

"ይመጠጣላ" አልኩ። "ምን ችግር አለው?"

ረቡዕ 6

ስብሰባ። የጠራው ሰው የለም፤ ቧንቧው አጠገብ ከመሬት እየመነጨ ያለው ጥቁር ውሃ ነው የጠራን። የግቢው ሦስት ቤት ሽንት ቤትና ማድቤት የሚፈሰው ወደ አንድ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ታንኩ ሞልቷል፤ መሬቱ እየመለሰልን ነው።

ሲስተር የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች። የሳንባ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ቤት የእሷ ነው። ጋሽ ሜትሮም ከጓሮ መጣ። ዕድሜውን በሙሉ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው፤ ሜትሮው ግን ከኪሱ ወጥቶ አያውቅም።

"ልጆች በዚህ ውሃ ላይ ቢራመዱ ሆዳቸውን ነው የሚይዛቸው" አለች ሲስተር። "መምጠጫ መኪና ይጠራ።"

"ይጠራ" አለ ጋሽ ሜትሮ። "የጉድጓዱ ክዳን የት ነው?"

ወደ እኔ ዞሩ። ሁለቱም ከእኔ በኋላ ነው ወደ ግቢው የገቡት።

"ነባሩ አንተ ነህ" አለኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ዘመን ሆኖታል" አልኩ። "በአጥሩ በኩል መሰለኝ።"

"መሰለኝ ልኬት አይደለም" አለ። "ቢሆንም መነሻ ይሆናል።"

ባለቤቴ ባልዲዋን አነሳችና ወደ ቤት ገባች።

ቅዳሜ 9

ጋሽ ሜትሮ አጥሩ ሥር የመጀመሪያውን ጉድጓድ ቆፈረ። በገመድ አሰመረ፣ ችካል ተከለ፣ እስከ ጉልበቱ ወረደ። የተገኘው፦ አንድ የጫማ ሶል፣ ግማሽ ማንኪያ።

"ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል" አልኩት።

"የሚገባበት ስለማይታወቅ ነው እሱ" አለኝ። "የሚገባበት ከታወቀ ማራቅ ነው።"

አካፋውን ያዋስኩት እኔ ነኝ። ጥሩ አካፋ ነው።

እሑድ 10

ሥራ የለም። ባለቤቴ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ደብተሩ የራሴ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። እንግዲያው ልጻፈው።

ክዳኑ የት እንዳለ አውቃለሁ።

ወርክሾፔ ውስጥ ነው። ከመሰንጠቂያ ማሽኑ ሥር፣ ከአንድ ስንዝር ሲሚንቶ በታች።

የዛሬ ስድስት ዓመት የቤት ዕቃ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ማሽን አሮጌ ነው ብለው ሰጡኝ። ማሽን ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ማስቀመጫ ማግኘት ሌላ ነው። ግቢው ውስጥ ደልዳላ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ደልዳላ የሆነውም ከሥሩ ታንኩ ስላለ ነው። ክዳኑ ላይ ለጊዜው ጣውላ አጋደምኩ። ጣውላው ሲንቀጠቀጥ ለጊዜው ሲሚንቶ ደፋሁበት። ዝናብ ሲመጣ ለጊዜው ቆርቆሮ አለበስኩት። ለጊዜው የተባለው ነገር ይኸው ስድስት ዓመቱ።

ታንኩ ያኔ ገና መመጠጡ ነበር። ሃያ ዓመት ይቆያል ብዬ ነበር። ያሰብኩት በአንድ ቤት ነው፤ ሁለት ቤት እንደሚጨመር የነገረኝ የለም።

ረቡዕ ዕለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከቆምንበት ሆኜ ዴስኮቹ ይታዩኛል፤ ሃያ ስድስቱ አልቀዋል፣ አሥራ አራት ይቀራሉ። "ወርክሾፑ ይፍረስ" ማለት ሆነብኝ። "በአጥሩ በኩል መሰለኝ" የምትለዋ እንዴት እንዳመለጠችኝ አላውቅም። ካመለጠች በኋላ ደግሞ አካፋ ያዘች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው አናጢ አልነበረም። ቀድሞ የሚነቅዘው ዝም ብሎ የተቀመጠው እንጨት ነው።

ዘዴ መፈለግ አለብኝ። ልጅቷ የምትሸሸው ሽታውን ነው። ሽታው ከጠፋ ትመጣለች። ክዳኑ ዴስኮቹ እስኪያልቁ ይቆይ።

ማክሰኞ 12

ጋሽ ሜትሮ መምጠጫ መኪናውን ጠራው። "ሹፌሮቹ ልምድ አላቸው፣ ክዳኑን ያገኙታል" ብሎ። ሹፌሩ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ቱቦውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ግቢውን ዞረ።

"ክዳኑስ?"

"እየፈለግነው ነው" አለ ጋሽ ሜትሮ ከሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ።

"እኔ ሥራዬ መምጠጥ ነው። አሽትተህ ፈልግ ካላችሁኝ፣ አፍንጫዬ ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመቱ ነው።"

ሊወጣ ሲል ወርክሾፔ በር ላይ ቆመ። ወለሉን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው።

"እዚህ ባዶ ባዶ ይላል" አለኝ።

"ማሽኑ ነው።"

"ማሽኑ ጠፍቷል እኮ።"

"ስለጠፋ ነው።"

ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሹፌሩ ግን ሳቀ፣ "ክዳን ስታገኙ ጥሩኝ" ብሎ ሄደ። ጋሽ ሜትሮ አልሰማም። ተመስገን።

ረቡዕ 13

ዘዴው ተገኘ። በርሜል።

ወርክሾፑ ውስጥ ሰጋቱራ እንደ አሸዋ ሞልቷል። የቺፑድ ቁርጥራጭም አለ። በርሜሉን በሩ አጠገብ አቁሜ ለኮስኩት። የእንጨት ጭስ ደግሞ ምን ይላል? ደስ ይላል። ሽታው ድራሹ ጠፋ።

ሁለት ዴስክ ጨረስኩ። ጉሮሮዬን ትንሽ ሰጋቱራ ያዘው፤ ጠረግኩት።

ዓርብ 15

ጠዋትና ማታ አጨሳለሁ። ግቢው አሁን የሚሸተው ሥራ ሥራ ነው።

ባለቤቴ ከገመድ ላይ ልብስ እያወረደች፣ "አንሶላውን በሙሉ አጨስከው" አለችኝ።

"የጉድጓዱ ሽታ ግን የታለ?"

"አለ። ጭሱ ውስጥ ተቀምጧል።"

ሲስተር መስኮቷን ዘግታ ቀዳዳውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅጥቃዋለች። ከሥራ ስትመለስ በርሜሉ አጠገብ ቆመች።

"ጋሼ፣ ሽታውን አላጠፉትም እኮ። ካፖርት ነው ያለበሱት።"

"ካፖርት የለበሰ ቢያንስ አያሳፍርም" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወችና፣ "ሽታ አፍንጫ ላይ ይቀራል። የጭሱ ብናኝ ግን ሳንባ ድረስ ወርዶ እዚያው ይከርማል። ቺፑዱ ደግሞ ኮላ አለበት" አለችኝ።

ነርስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሁሉ ነገር ሳንባ።

ሰኞ 18

አራተኛ ጉድጓድ። የተገኘው፦ የሬዲዮ ባትሪ፣ ድንጋይ፣ ሌላ ድንጋይ።

ባለቤቴ ባዶ ጉድጓድ አይወደድም ብላ በሦስቱ ውስጥ ቲማቲም ተክላለች። ጋሽ ሜትሮ ተቆጣ። "ይህ የምርመራ ጉድጓድ ነው፣ የአትክልት መደብ አይደለም!"

"ጋሽ ሜትሮ፣ እርስዎ ምርመራዎን ይቀጥሉ" አለችው። "ችግኝ አላነሰኝም።"

ቆይቶ ቧንቧው ጋ ለሲስተር ስታወራ ሰማኋት፦ "አይዞሽ። እሱ ሲያገኘው ነው የሚገኘው።"

እሱ ያለችው ጋሽ ሜትሮን መሆን አለበት።

ያ ሽማግሌ ወገቡን እየያዘ ነው ቀና የሚለው። ውሃ ወሰድኩለት። "እግዜር ይስጥህ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" አለኝ። ዓይኑን ሳላይ ተመለስኩ።

ረቡዕ 20

ሲስተር ከክሊኒኩ አንድ ትንሽ ቱቦ ይዛ መጣች። በኃይል እፍ ሲሉበት ጎኑ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ወደ ላይ ትሄዳለች። ሳንባ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚለካ ነው። "ማሙሽ ሊመጣ አይደል? አየሩ ትላልቆቹን ምን እንዳደረጋቸው እንይ" አለች።

ሲስተር፣ አራት መቶ ሃያ። ባለቤቴ፣ ሦስት መቶ ስልሳ። ጋሽ ሜትሮ በሰባ ዓመቱ ሦስት መቶ ሰማንያ፤ "ኮረብታ ስወጣ ነው የኖርኩት" ብሎ ደረቱን ነፋ። እኔ፣ መቶ ሰማንያ።

ቱቦው ተበላሽቷል። ደግሜ ነፋሁ። መቶ ሰባ። ይኸው፣ ጭራሽ እየባሰበት ሄደ።

"ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ያስልዎታል?"

"ማን፣ እኔ?"

"አዎ፣ ያስለዋል" አለች ባለቤቴ።

"እሱ ጉሮሮ መጥረግ ነው" አልኩ።

"ከሆነ ጥሩ ጠራጊ ነዎት" አለች ሲስተር። "አንድ ቀን ክሊኒክ ይምጡልኝ።"

እሺ አልኳት። ዴስኮቹ ሲያልቁ።

ሐሙስ 21

ስድስተኛ ጉድጓድ። ዘጠኝ ዴስክ ቀረ። ቀለም አለቀ። ጉሮሮ።

ቅዳሜ 23

ልጅቷ ደወለች። ነገ ግቢውን ለማየት ትመጣለች፣ ማሙሽን ይዛ። "አባዬ፣ ተመጠጠ?"

"መጥተሽ አሽትቺው" አልኳት። ውሸት አይደለም።

እሑድ 24

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ አጨስኩ። ድርብ ሰጋቱራ፣ በላዩ ቺፑድ። ሊደርሱ ሲሉ በሁለት ባልዲ ውሃ አጠፋሁት። የጠፋ መስሎኝ ነበር። ሰጋቱራ ከውስጥ ነው የሚነደው፤ አናጢ ሆኜ ይህን መርሳቴ!

ማሙሽ በሩን እንደገባ ከእናቱ እጅ ወርዶ በሁለት እግሩ እየተንገዳገደ ወደ እኔ መጣ። አንድ ዓመት ከስድስት ወሩ ነው። ጉልበቴን ይዞ "ባባ" አለኝ። የቲማቲሙን ጉድጓዶች አንድ በአንድ አሳየሁት። በእያንዳንዱ ላይ እየጎነበሰ "ኡ!" ይላል። ጋሽ ሜትሮ ከሰባተኛው ጉድጓድ ውስጥ ብቅ ሲል በሳቅ ሊሞት። እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ ሳል። ከዚያ ሳቁን ተወው። ከዚያ እጄ ላይ እንዳለ ደረቱ ሲር ሲር ሲል በመዳፌ ተሰማኝ። ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ። የጎድኑ መሐል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከበርሜሉ አፍ ቀጭን ጭስ እየወጣ ነበር፤ ነፋሱ ወደ እኛ ነበር።

ሲስተር እየሮጠች መጣች። "ከዚህ ያውጡት! ወደ መንገዱ ማዶ!" ተሻገርን። ልጅቷ ከቦርሳዋ የሚሳበውን መድኃኒት አወጣች፣ አፉና አፍንጫው ላይ ጭምብሉን ገጠሙለት፣ ሲስተር እየቆጠረች ሰጠችው። እኔ የልጁን አንድ ጫማ ይዤ ቆሜያለሁ። መቼ እንደወለቀ አላውቅም።

ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከንፈሩ ቀላ። ከዚያ ጫማውን ከእጄ ቀማኝ።

ልጅቷ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አባዬ" አለች፣ "እኔ መናኸሪያውን ሸሽቼ ነው የመጣሁት። አንተ ደግሞ የግልህን መናኸሪያ አቁመሃል።"

ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሽታ ላባርር ብዬ ልጁን አባረርኩት።

በርሜሉን ገልብጬ ረገጥኩት። ጋሽ ሜትሮ አጽናናኝ። "አይዞህ፣ ሰባተኛው ላይ ተስፋ አለኝ" አለ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሰኞ 25

ሥራ አልገባሁም። ማሽኑን አላስነሳሁም። ጉድጓዶቹን ቆጠርኩ። ሰባት። ሰባቱም የእኔ ናቸው።

ማክሰኞ 26

ባለቤቴን ወርክሾፕ ጠራኋት። ያላለቀ ዴስክ ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጠች፤ እጇን አጣጠፈች።

"አንድ ነገር አለ" አልኩ።

"ይሁና።"

"ክዳኑ ማሽኑ ሥር ነው።"

"እሺ።"

"እሺ ማለት?"

"እሺ ማለት እሺ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ያን ሲሚንቶ ማን ያቦካልህ መሰለህ? ንፋስ?"

ረስቼዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ረስቼዋለሁ። አሁን ታወሰኝ፦ አካፋ ይዛ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ "ውሃ በዛ፣ አሸዋ ጨምር" እያለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ምስጢሬን ብቻዬን የተሸከምኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግማሹን እሷ ይዛዋለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?"

"ፈርቼ።"

"እኔ ደግሞ ቲማቲም መትከያ የሚቆፍርልኝ አጥቼ ነበር።"

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠብኝና ጀርባዬን መታችኝ። ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ "እንጀራህን አፍርስ ማለት ከእኔ አይወጣም። ከአንተ እስኪወጣ ጠበቅኩ" አለች። "እሑድ ልጁን ካየሁ በኋላ ግን ቀን ቆርጬልህ ነበር። እስከ ነገ ባትናገር ሐሙስ እኔው በመዶሻ ልጀምረው ነበር።"

መዶሻው የት እንዳለ ጠየቅኳት። አልጋው ሥር ነበር። እሷ በተኛችበት በኩል።

ረቡዕ 27

ጋሽ ሜትሮ ስምንተኛውን እያሰመረ ነበር።

"ጋሽ ሜትሮ፣ ይተዉት።"

"ቆይ፣ ይህን ችካል ልትከል።"

"እዚያ የለም።"

"በምን አወቅህ?"

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ከጣውላው ጀምሬ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ገመዱን ጠቀለለ፣ ችካሎቹን ሰበሰበ። አካፋውን ቧንቧው ጋ ወስዶ አጠበ፣ በሱሪው አደረቀ፣ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

"አካፋዎን ይረከቡ" አለኝ።

አካፋዎን! አምስት ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው። ከአንቱታ የሚከፋ ስድብ እንደሌለ ዛሬ ገባኝ።

ሐሙስ 28

ቆርቆሮውን አነሳን። ባለቤቴ ከታች ትቀበላለች። ሲስተር ከሥራ መልስ ሚስማር ሰበሰበች፤ ለእኔም የአፍ መሸፈኛ አመጣችልኝ፣ "አቧራ ሲኖር አይውለቅ" ብላ። ዴስኮቹ ሸራ ለብሰው ውጭ ናቸው። ርእሰ መምህሩ ጋ ሄጄ እንደሚዘገዩ ነገርኩት። "ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ እንዴት ደስ ይላቸዋል" አለ፤ ሁለት ሳምንት ሰጠኝ።

ጋሽ ሜትሮ አለፈ። "እንደምን ዋሉ።"

"ደህና ዋልን።"

"ይበርቱ።" ገባ።

ቅዳሜ 30

ማሽኑን በእንጨት ጥቅል ላይ አንከባለን አወጣነው። ከዚያ ሲሚንቶው። ስድስት ዓመት የጠነከረ ነው፤ ባለቤቴ ያቦካችው ነገር አይላላም። አሥር ጊዜ መታሁ፣ አረፍኩ። ስምንት ጊዜ መታሁ፣ አረፍኩ። መዶሻው ማረፍ ነበረበት።

ጋሽ ሜትሮ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ጋዜጣ ዘርግቷል። ጋዜጣው ተገልብጧል። አምስት ጊዜ መትቼ ሳርፍ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

"አንተ ሰውዬ! እንደሱ አይመታም! ከዳር ጀምር እንጂ!"

አንተ አለኝ። መዶሻው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ዲጂኖውን ይዞ መጣ። ከዳር ጀመርን። እኔ ስመታ እሱ ይፈነቅላል፤ ባለቤቴ ስብርባሪውን ትጠርጋለች። አሥር ሰዓት ላይ ክዳኑ ወጣ፤ ቀለበቱ ዝጓል፣ ቢሆንም አለ። ጋሽ ሜትሮ ሜትሮውን ዘርግቶ እስከ አጥሩ ለካ።

"አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ! በአጥሩ በኩል አልከኝ!"

"መሰለኝ ነው ያልኩት" አልኩ።

ዲጂኖውን አነሳብኝ። እየሳቀ ነበር።

ሰኞ 2

መምጠጫ መኪናው መጣ። ሹፌሩ ክዳኑን አየ፣ ቆሞ የነበረውን ወርክሾፕ ፈለገ፣ እኔን አየኝ።

"ስለጠፋ ነው፣ አይደል?"

"ሥራህን ሥራ" አልኩት።

ሦስት ጊዜ ሞልቶ ወደ ማጣሪያው ተመላለሰ። በሦስተኛው ቱቦው አየር ብቻ ሲስብ ያሰማው ድምፅ! ከዚህ በፊት እንዲህ ደስ የሚል ጸያፍ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሁላችንም አጨበጨብን። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ረቡዕ 4

ቧንቧው ሥር ያለው ውሃ ደርቋል። ኖራ በተንኩበት። ሰጋቱራውን በጆንያ ሞልቼ ለዶሮ አርቢዋ ላክሁ፤ ለዶሮ መኝታ ፈልጋው ኖራለች። እሳት አልነካም። ወርክሾፑን ከጓሮ በኩል እንደገና እያቆምን ነው። ቦታውን ጋሽ ሜትሮ ለካው። ክዳኑ ላይ ከእንግዲህ ምንም አይቀመጥም፤ ዙሪያውን ቀይ ቀለም ቀባበት።

ሲስተር ሁለት መስኮቶቿን ከፈተች። ወደ ልጅቷ የደወለችው እሷ ናት። እኔ ብደውል አታምነኝም ነበር፤ ልክ ናት።

ዓርብ 6

ነገ ይመጣሉ። ሁለት ጊዜ ዞሬ አሸተትኩ። የሚሸት የለም። እንጨት ብቻ፣ ያልተቃጠለ።

ማክሰኞ ከሲስተር ክሊኒክ ቀጠሮ አለ። ባለቤቴን ላጅባት ነው። እሷን ምኗን እንደሚያማት አልጠየቅኩም፤ እሷም አልነገረችኝም። ካርዱ ላይ ግን የእኔ ስም ነው የተጻፈው። ተሳስተው ይሆናል።

ቅዳሜ 7

መጡ። አራት ሻንጣ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ማሙሽ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ በረጅሙ አየር ሳበች፤ እንደ ቀረጥ ተቆጣጣሪ። ከዚያ፣ "አባዬ፣ ሻይ አለ?" አለች።

ቀኑን ሙሉ ውጭ ሲጫወት ዋለ። ወደ ማታ ሳለ። አንዴ። ሁላችንም እንደ ሐውልት ቆምን። ትንታ ነበር፤ ቲማቲም ጎርሶ ነው፣ ገና አረንጓዴውን።

እሑድ 8

ከምሳ በኋላ አስተኙት። ልጅቷ "ተኝቷል፣ አትግባ" አለች። እሷና እናቷ ወደ ቧንቧው ሲወጡ ገባሁ።

በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ሲር ሲር የለም። ጥሩ። ደግሞ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ምንም ምንም። ጫማዬን አውልቄ ተጠጋሁ፣ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግኩ። እንደ አዲስ መጋዝ ነው የሚተነፍሰው፤ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ፣ የሚያግደው የለም። እዚያው ትንሽ ቆየሁ።

ሳልላጭ ውዬ ነበር። ጺሜ ወግቶት ነቃ። ዓይኑን ገልጦ አየኝና በሙሉ ሳንባው ለቅሶውን ለቀቀው።

ከየአቅጣጫው ሮጡ። ሲስተር በፎጣ፣ ጋሽ ሜትሮ በዲጂኖ።

"ምን አደረግከው?" አለች ባለቤቴ።

"መተንፈሱን ላጣራ ብዬ ነው።"

"በል እንግዲህ" አለች ልጁን ብድግ አድርጋ፣ "አሁንማ መንደሩ ሁሉ አጣርቷል።"